በእርሳስ የጻፍኩት ስም

ባለፈው ቅዳሜ መገናኛ አስፋልቱ ዳር አንድ ጫማ ሰፊ የወታደር ቡት በሞራ ሲያሽ አየሁ። አየሁ ከምል ሸተተኝ ብል ይሻላል። ፀሐይ ያቀለጠው የበሬ ሞራና አሮጌ ቆዳ ነው። አውቶቡስ እየጠበቅኩ ነበር። አውቶቡሱ መጣ፣ ሄደ፣ እኔ አልተሳፈርኩም። እግሬ ወደ ላይ፣ ወደ እንጦጦ ተራራ ይዞኝ ሄደ።

የልጅነታችንን የኳስ ሜዳ መጀመሪያ ያጣሁት መስሎኝ ነበር። አለ፤ ግን ባሕር ዛፍ ተተክሎበታል። በዘመቻ የተተከለ ስለሆነ በመስመር ነው የቆመው፣ ሁሉም እኩል ቁመት፣ እኩል ርቀት። ነፋስ ሲመጣ አንድ ላይ ያዘነብላሉ፤ ነፋሱ ሲቆም አንድ ላይ ቀጥ ይላሉ። ብዙ አልቆየሁም። ፈሪ አይደለሁም፤ ግን እዚያ ቦታ ጀርባዬን ሰጥቼ መቆም አልወድም።

ያኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፣ ሦስተኛ ክፍል። አሰሳ በየሰፈሩ የሚካሄድበት ዓመት ነው። ጠዋት ትምህርት ቤት ስንሄድ እማዬ አንዳንድ ቦታ ላይ ስትደርስ ነጠላዋን ፊቴ ላይ ትጥልና እጄን ይዛ ትሮጣለች። «ምንድን ነው?» ስላት «ብርድ ነው» ትለኛለች። እኔም ብርድ የሚባለው ነገር መንገድ ዳር ተኝቶ የሚጠብቅ ነገር ይመስለኝ ነበር።

ጋሽ ፈለቀ ከእኛ ቤት ሁለት አጥር ከፍ ብለው ነበር የሚኖሩት። በወጣትነታቸው፣ ትልቁ ጦርነት ካበቃ ጥቂት ዓመታት በኋላ፣ ቶርኖ እንዲማሩ ጀርመን ተልከው ነበር። ተመልሰው ዕድሜ ልካቸውን ብረት ሲቆርጡና ሲበይዱ ኖሩ። የብየዳው ብርሃን ዓይናቸውን ጨረሰው። እኔ ሳውቃቸው ብርሃንና ጥላ ብቻ ነበር የሚለዩት። ሚስት የላቸውም፣ ልጅ የላቸውም። የነበራቸው አንድ የቆዳ ኳስና አንድ ደብተር ነው።

ደብተሩ የአንድ ዓመት ኳስ ነው። ያን ጊዜ ጀርመን ውስጥ አገር በሙሉ የሚጫወትበት አንድ ሊግ አልነበረም። ከተማው ፈርሶ፣ ባቡሩ ተቆራርጦ፣ እያንዳንዱ ክፍል የራሱን ትልቅ ሊግ ይጫወት ነበር፤ ሰሜኑ ለብቻው፣ ምዕራቡ ለብቻው፣ ደቡቡ ለብቻው። ጋሽ ፈለቀ ይኖሩበት የነበረው ከተማ በደቡቡ ሊግ የሚጫወት ባለ ቀይ ማሊያ ክለብ ነበረው። በሜዳው የተጫወተውን ሁሉ እሁድ እሁድ እየገቡ አይተው በአማርኛ ጻፉት። ማን ተሰለፈ፣ ማን በስንተኛው ደቂቃ አገባ፣ ማን ወደቀ፣ ዝናብ ነበር ወይስ አልነበረም። አሥራ አምስት ጨዋታ፣ አሥራ አምስት ገጽ። የመጨረሻው ገጽ ላይ ግን ርእስ ብቻ ነው ያለው። ጨዋታው ሳይደርስ መርከባቸው ተነሣ። ውጤቱን ሳያውቁ ነው የመጡት።

ያን ዓመት፣ ከመስከረም መጨረሻ ጀምሮ፣ የሰፈራችን ልጆች በየቅዳሜው ከሰዓት በኋላ ያንን ሊግ እንደገና ተጫወቱት። እንደገና ስል እንደገና ነው። ደብተሩ ሦስት ለሁለት ካለ ሦስት ለሁለት ያልቃል። ዋልተር በሁለተኛው አጋማሽ አገባ ካለ፣ ዋልተር የሆነው ልጅ እስኪያገባ ድረስ አይመሽም። ያልተጻፈ ጎል የገባ እንደሆነ ሁላችንም «አልተጻፈም! አልተጻፈም!» ብለን እንጮሃለን፣ ይሰረዛል።

«ጋሼ፣ ዛሬ እኔ ሁለት ላግባ፤ ዋናው ሄልሙት ደካማ ነበር ይበሉኝ» ይላቸዋል ሄልሙት የሆነው ልጅ።

«እሱ አንድ ነው ያገባው። አንተ ከእሱ ትበልጣለህ?»

«እኔ እኮ ሽሮ በልቼ ነው የመጣሁት!»

«እሱ ድንች ልጣጭ በልቶ ነበር የሚመጣው። በል ሂድ፣ እግርህ ከእንጨት የተሠራ!»

ትልልቆቹ ልጆች ለምን በዚህ ተስማሙ ብትሉኝ፣ ያን ጊዜ ሦስት ወጣት አንድ ላይ ቆሞ ማውራት አይችልም ነበር። የአንድ ዓይነ ስውር ሽማግሌ ኳስ ግን ቀበሌው ዝም ብሎታል። ደግሞም ሁሉም የሚጠብቁት አንድ ነገር ነበር፤ አሥራ አምስተኛው ጨዋታ። የእሱን ውጤት ማንም አያውቀውም። እሱን እንደ ልባቸው ይጫወቱታል።

ደብተሩ ውስጥ አሥራ አራት ተጫዋቾች አሉ። ትልልቆቹ ልጆችም አሥራ አራት ነበሩ። ለእያንዳንዳቸው አንድ ስም ተሰጣቸው። በዕለቱ ገጽ ላይ ስሙ የሌለ ልጅ ከተጋጣሚው ጋር ይጫወታል። ተጋጣሚዎቹ ከላይ ከተራራው የሚመጡ የእንጨት ለቃሚ ልጆች ናቸው፤ ለእነሱ ስም አልተሰጣቸውም። ወንድሜ ዳዊት አሥራ ሰባት ዓመቱ ነው፤ ስሙ ኤርቪን ነበር፣ የግራ ክንፍ። እኔ ደግሞ የጋሽ ፈለቀ ዓይን ነበርኩ። ሐሙስ ሐሙስ ከትምህርት ቤት ስመለስ ቤታቸው ሄጄ የሳምንቱን ገጽ አነብላቸዋለሁ፤ እሳቸው ኳሱን በሞራ እያሹ ያዳምጣሉ። ቅዳሜ መሐል ሜዳ ቆሜ ስም እጠራለሁ። ስሙ የተጠራ ልጅ «አለሁ!» ይላል። አሥራ አንዱም ካልመለሱ ኳስ አይነካም። ይሄ ሕግ ነው።

የሕጉን ምክንያት አንድ ሐሙስ ነገሩኝ።

«የመጀመሪያው እሁድ፣ ጨዋታው ሊጀመር ሲል፣ አንድ ሽማግሌ ወረቀት ይዞ መሐል ሜዳ ገባ። ከጦርነቱ ያልተመለሱትን የክለቡን ልጆች ስም መጥራት ጀመረ። ሜዳው ሞልቷል። ከፊት የተቀመጡት እግር የሌላቸው ናቸው፤ ምርኩዛቸውን አጥሩ ላይ ደርድረውታል። አንድ ስም ሲጠራ ከሕዝቡ መሐል አንድ ሰው ‹አለሁ!› ይላል። ለሁሉም መልስ ተሰጠ። ለአንዱ ግን ዝም ተባለ። ያኔ አጠገቤ የቆመው የቶርኖ ቤት አለቃዬ ‹አለሁ!› አለ። ‹ዘመድህ ነው?› ስለው ‹አላውቀውም፤ ዝም ሲባል ጊዜ ነው› አለኝ።»

«የሞተ ሰው እንዴት አለሁ ይላል ጋሼ?»

«እኔም እንደዛ ብዬ ነበር።»

ከዚያ ቀን በኋላ ስም ስጠራ የሚመልሰውን ልጅ ፊት አያለሁ።

በስድስተኛው ጨዋታና በሰባተኛው መካከል ታደሰ ጠፋ። የአናጢው ልጅ ነው፤ ሆርስት ነበር ስሙ። ሌሊት መጥተው ወሰዱት አሉ። ሰባተኛውን ገጽ ስከፍት ሆርስት የለም። ስምንተኛውንም አየሁ፣ የለም። እስከ መጨረሻው የለም።

«ጋሼ፣ ሆርስት የት ሄደ?»

«ጉልበቱን ታመመና ተወ።»

«ታደሰስ?»

ኳሱን ማሸታቸውን ቀጠሉ።

ኩርት ከዘጠነኛው ገጽ በኋላ የለም። ኩርት ሰለሞን ነበር፣ ሲስቅ ድዱ በሙሉ የሚታየው። ዘጠነኛውን ጨዋታ በተጫወትን በሁለተኛው ቀን እናቱ በር ላይ ተቀምጣ አየኋት። አታለቅስም። አንድ ጫማውን ጭኗ ላይ አድርጋ ማሰሪያውን ትፈታለች፣ መልሳ ታስራለች።

በቃ፣ ገባኝ። የሚወስዳቸው ደብተሩ ነው። ስሙ ከገጹ የወጣ ልጅ ከሰፈርም ይወጣል። ለማንም አልተናገርኩም። ካደግኩ በኋላ ቆጥሬ እንዳየሁት፣ ያን ሰሞን የኳሱ ሜዳ ደርሰው የማያውቁ ስንት ልጆች ጠፍተዋል። እነሱን አልቆጠርኳቸውም ነበር። ልጅ የሚገጥምለትን ብቻ ነው የሚቆጥረው።

ከዚያ ያልታዘዝኩትን አደረግኩ፤ ወደ ፊት ገልጬ አነበብኩ። አሥራ አንደኛው ገጽ ላይ እንዲህ ይላል፦ «በስድሳኛው ደቂቃ ኤርቪን ወደቀ። ግራ እግሩ ተሰበረ። ድምፁ እኛ ድረስ ተሰማ።» አሥራ ሁለተኛው ገጽ ላይ ኤርቪን የለም። ከዚያ ወዲያም የለም።

ያን ሳምንት ዳዊት በሄደበት እሄዳለሁ። ሽንት ቤት ሲገባ በር ላይ እቆማለሁ። «አንቺ ልጅ ምን ሆነሻል? ጥላዬ ነሽ እንዴ?» ይለኛል።

አሥራ አንደኛው ጨዋታ ደረሰ። ዳዊት መውደቅ ነበረበትና ወደቀ። ለቀልድ ነበር የወደቀው። ግን ሲወድቅ የጮኸው ጩኸት ቀልድ አልነበረም። ልጆቹ ሳቃቸውን አቆሙ። የእንጨት ለቃሚዎቹ ልጆች ወደ ኋላ ሸሹ። ዳዊት ራሱ ተነሥቶ ሱሪውን እያራገፈ ግራ ገብቶት ያየን ጀመር፤ «ምነው? ምን አልኩ?» አለ። ጋሽ ፈለቀ ከተቀመጡበት ድንጋይ ላይ ተነሥተው ቆመው ነበር። «እንደዚያ ነው የጮኸው» አሉ በቀስታ። «ልክ እንደዚያ ነው።»

ሐሙስ ዕለት ጋሽ ፈለቀ ጓሮ ሞራ ሲያቀልጡ እርሳሴን በምላሴ አርሼ አሥራ ሁለተኛውን ገጽ ገለጥኩ። ከአሥራ አንዱ ስሞች በታች «ኤርቪን» ብዬ ጻፍኩ። ፊደሌ ከእሳቸው ፊደል ሁለት እጥፍ ይተልቃል። ሲመጡ ድምፄን ሳልቀይር አነበብኩላቸው።

«ስንት ሆኑ?» አሉኝ።

«አሥራ ሁለት።»

«ኳስ የሚጫወተው አሥራ አንድ ሰው ነው።»

«እኔ ምን ላድርግ፣ ተጽፏል።»

«እስቲ አምጪው።»

ደብተሩን ጭናቸው ላይ ዘረጉና የሌባ ጣታቸውን ገጹ ላይ አስኬዱት። ያ ጣት የብረት ዘንግ ነክቶ በፀጉር ስንጥቅ ያህል መወፈር መቅጠኑን ያውቅ የነበረ ጣት ነው። የእሳቸው ቀለም ላይ ሳይቆም አለፈ። እኔ የጻፍኩት ላይ ሲደርስ ቆመ።

«ትርሲት።»

«አቤት ጋሼ።»

«ይሄ በእርሳስ ነው። ወረቀቱን ጎድጉዶታል። ለምን ጻፍሽው?»

«ዳዊት እንዳይጠፋ።»

ይቆጡኛል ብዬ ጠበቅኩ። ጣታቸውን ከስሙ ላይ አላነሡም። ከዚያ «ላጲስ አለሽ?» አሉኝ።

«የለኝም» አልኩ።

ነበረኝ። ኪሴ ውስጥ ነበር። እስከ ዛሬ ለማንም ያልተናገርኩት ይሄን ነው።

«እንግዲያው ይቆይ። ግን እወቂ፤ ስም ከጻፍሽ የሚመልስለት ሰው ያስፈልገዋል።» ገጹ መሐል አንድ የባሕር ዛፍ ቅጠል ምልክት አድርገው ደብተሩን ዘጉት።

ቅዳሜ ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር፣ የታኅሣሥ ሰማይ። ጋሽ ፈለቀ ዳዊትን ጠርተው «አንተ እግርህ ተሰብሯል፤ ዛሬ ከተጋጣሚ ጋር ነህ» አሉት። እሱም እየሳቀ ስም ከሌላቸው ልጆች ጋር ሄዶ ቆመ። እኔ ግን በመጨረሻ ስሙን እንደምጠራው አውቃለሁ፤ ሲጠራ ሳያስበው «አለሁ!» እንደሚልም አውቃለሁ። ያኔ ይተርፋል። መሐል ሜዳ ቆሜ ሦስት ስም ጠራሁ። ሦስቱም መለሱ።

አንድ ላንድሮቨርና አንድ የጭነት መኪና ዳገቱን ሲወጡ ድምፃቸውን አልሰማንም። እንዴት እንዳልሰማን አላውቅም። ዞር ስንል ጠመንጃ የያዙ ሰዎች ሜዳውን ከበውት ነበር። ካፖርት የለበሰ አንድ ጓድ መጥቶ ደብተሩን ከእጄ ወሰደ። ቅጠሉ ያለበትን ገጽ ከፍቶ አነበበ።

«ጌርሃርድ። ዋልተር። ሄልሙት። ይሄ የማን የሥውር ስም ነው?»

«የኳስ ተጫዋቾች ናቸው ጓድ» አሉ ጋሽ ፈለቀ። «የጀርመን ክለብ ነው።»

«የምሥራቅ ነው የምዕራብ?»

«የደቡብ።»

«ደቡብ ጀርመን የሚባል አገር የለም!»

«አገር አይደለም፣ ሊግ ነው። ያኔ በየክፍሉ...»

«አባት፣ እርስዎ ዝም ይበሉ። ዓይንዎ አያይም፤ መጠቀሚያ አድርገውዎት ነው። ይቀመጡ።» አንዱን ጠባቂ አዘዘና ድንጋዩ ላይ አስቀመጣቸው። ከዚያ እኔ ቆሜበት ከነበረው ቦታ ላይ ቆመና ጮክ ብሎ ጠራ፦ «ጌርሃርድ!»

«አለሁ!»

ልጁ ከመለሰ በኋላ ነው አፉን በእጁ የያዘው። ሦስት ወር ሙሉ ለዚያ ጥሪ እንደዚያ መልሷል። ያዙትና መኪናው ላይ ጫኑት።

«ዋልተር!»

ዝም ተባለ። ዋልተር የሆነው ልጅ መኪናው ላይ ብቻውን የቆመውን ልጅ አየው። ከዚያ በቀስታ «አለሁ» አለ። ሄልሙትም አለሁ አለ። አንድ በአንድ፣ ሁሉም። ማንም አልሮጠም። እኔ እየቆጠርኩ ብቻ ነበር። ስምንት። ዘጠኝ። አሥር። አሥራ አንድ። አሁን ገጹ አለቀ፣ ዳዊት እዚያ የለም፣ ዳዊት ስም ከሌላቸው ጋር ነው። እኔ ግን...

«ይሄ ደግሞ በእርሳስ ነው» አለ ጓዱ። «አዲስ የተጨመረ። ኤርቪን!»

እጄ ኪሴ ውስጥ ነበር፣ ላጲሱ ላይ።

«ኤርቪን ማነው?»

ዳዊትን አየሁት። አፉ ተከፍቶ ነበር። ደረቱ ትንፋሽ ሲስብ አየሁ።

«አለሁ!»

እንደዚያ ያለ ድምፅ ከጋሽ ፈለቀ ሰምቼ አላውቅም። ድንጋዩ ላይ ቆመዋል፤ እጃቸውን እንደ ተማሪ አንሥተዋል።

«እርስዎ?»

«እኔ ነኝ ኤርቪን። የግራ ክንፍ። እግሬ ተሰብሮ ነበር፣ ድኗል።»

ጓዱ ደብተሩን ዘጋ። «ታዲያ ዓይኔ አያይም እያልክ ነው የምታደራጀው!» አለ፤ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ እርስዎ ማለቱን ተወ። ምርኩዛቸውን ቀምተው ጣሉት። ጋሽ ፈለቀ የሞተሩን ድምፅ እየተከተሉ ቀጥ ብለው ወደ መኪናው ሄዱ። ከላይ አንዱ ልጅ እጁን ዘረጋላቸው። «በዚህ በኩል ጋሼ፣ እግርዎን ከፍ፣ ከፍ» ሲል ሰማሁት። በእኔ በኩል ሲያልፉ ፊታቸውን አልመለሱም። ቢመለከቱኝም አያዩኝም ነበር፤ እኔ ግን መመልከታቸውን እፈልግ ነበር።

ከአሥራ አንዱ አምስቱ ራሳቸውን ተላጭተው ተመለሱ። ስለ ኳስ የሚያወራ አልነበረም። ጋሽ ፈለቀ አልተመለሱም። ደብተሩም አልተመለሰም።

ዳዊት ከዚያ ቀን ጀምሮ ግራ እግሩን ይጎትት ጀመር። እማዬ ሐኪም ቤት ወሰደችው፤ አጥንቱ ደኅና ነው አሏት። የሚያነክሰው ሰው የሚያየው ጊዜ ብቻ መስሎኝ በአጥር ቀዳዳ ተደብቄ አየሁት። ብቻውንም ያነክሳል። ስሙን በእርሳስ ማን እንደጻፈው አልጠየቀኝም። እኔም እሱ ከኳሱ ሌላ በእርግጥ ምን ያደርግ እንደነበረ አልጠየቅኩትም።

አሥራ ሦስተኛውና አሥራ አራተኛው ቅዳሜ ሳንጫወት አለፉ። በአሥራ አምስተኛው ዳዊት ከመኝታው ተነሥቶ «ኳሱ የት ነው?» አለኝ። እኔ ነበርኩ ያስቀመጥኩት፤ አልጋዬ ሥር ነበር፣ ሞራው ደርቆበት። ወደ ላይ ወጣን። እኔ ተሸክሜዋለሁ፣ እሱ ከኋላዬ እግሩን ይጎትታል። የእንጨት ለቃሚዎቹ ልጆች አልመጡም። ነፋስ አልነበረም፤ አንድ ቅጠል አይንቀሳቀስም። የጋሽ ፈለቀ ምርኩዝ የጣሉበት ቦታ ላይ እንዳለ ነበር። ማንም አላነሣውም፤ እኛም አላነሣነውም።

መሐል ሜዳ ቆምኩ። ደብተር አያስፈልገኝም ነበር።

«ጌርሃርድ!»

«አለሁ» አለ ዳዊት።

«ዋልተር!»

«አለሁ።»

«ሆርስት!»

«አለሁ።»

ኩርትንም መለሰ። ሁሉንም መለሰ፤ ለእያንዳንዱ ድምፁን ትንሽ ትንሽ እየቀየረ፣ እነሱን እያስመሰለ። የሰለሞንን ሲመልስ ድዱን አሳይቶ ሳቀ፤ ከዚያ ሳቁን የሚያቆምበት ቦታ አጣ። አንድ ስም ቀረ።

«ኤርቪን!»

ዳዊት አቀረቀረ። መሬት መሬቱን ያያል።

«ኤርቪን!» አልኩ እንደገና።

«ይሄ የእኔ አይደለም፣ ትርሲ» አለኝ። «ተወስዷል።»

ጠበቅን። ከሜዳው ዳር ዛፎች መሐል የባሕር ዛፍ ልጣጭ ተገንጥሎ ሲወድቅ ሰማን፤ ሰው አንድ እርምጃ የተራመደ ይመስላል። ዳዊት ወደዚያ ዞረ። እኔ አልዞርኩም። ስሙን የጻፍኩት እኔ ነኝ።

«አለሁ!» አልኩ።

የገደል ማሚቶው ከተራራው ይዞት ተመለሰ። የእኔ ድምፅ ብቻ አይመስልም ነበር።

ዳዊት አየኝ። ከዚያ ኳሱን በማያነክሰው እግሩ ወደ እኔ ገፋው፣ እኔም መታሁት። እስኪመሽ ተጫወትን። ውጤቱን አልጻፍነውም።